ዲኤክስ፣ ቪትዝ፣ ሙስታንግ… እና የእኔ እቁብ

በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር የምናወራው ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናትና ስለ ኪስ ነው። ዛሬ ስለ መኪና ልጽፍ ስነሳ «ይቺ ልጅ ደግሞ ምን ነካት?» እንደምትሉ አላጣሁትም። እውነት ነው፣ መኪና የለኝም። መንጃ ፈቃድም የለኝም። 12ኛ ክፍልን ከጨረስኩ ወዲህ የማውቀው የሚኒባስ የኋላ ወንበር ነው። ግን በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ እዚሁ ላፍቶ ሰፈር ውስጥ፣ በሁለት ወንዶች መሐል ተቀምጬ ሃያ ዓመት ሙሉ የመኪና ክርክር ስሰማ ኖሬአለሁ። አንደኛው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሁለተኛው የወንድሜ አብሮ አደግ ነው፣ ዛሬ ደግሞ የእኔ እጮኛ ሆኗል። ክርክራቸው ሰፈር ውስጥ እስካለ ድረስ ዝም ብዬ ነበር። አሁን ግን መጥቶ መጥቶ እቁቤ ላይ ስላረፈ ብዕሬን አንስቻለሁ።

ነገሩ የጀመረው ቪዲዮ ቤት ነው። 1998 ዓ.ም መሆኑ ነው። እማዬ ገበያ ስትሄድ እኔን ለወንድሜ አደራ ትሰጠዋለች፤ እሱ ደግሞ አደራውን ይዞ ቀጥታ ቪዲዮ ቤት! ፊልሙ በ2001 እ.ኤ.አ የወጣው የመኪና እሽቅድምድም ፊልም ነበር፤ «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» ሲባል የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አለ ብዬ አላምንም። መጨረሻው ላይ አንድ ብርቱካንማ የጃፓን ቶዮታ ሱፕራና አንድ ጥቁር የአሜሪካ ዶጅ ቻርጀር ጎን ለጎን ተፈትልከው የባቡር ሐዲድ ያቋርጣሉ። ባቡሩ ለጥቂት ይስታቸዋል። ወዲያው ቻርጀሩ ከከባድ መኪና ጋር ተላትሞ ይገለበጣል። እኛ ወጥተን ቤት እስክንደርስ ሁለቱ ልጆች ይጨቃጨቃሉ። ወንድሜ «ሱፕራው በላው!» ይላል። ያኛው ደግሞ «ከባድ መኪናው ባይገባበት ኖሮ ቻርጀሩ ነበር!» ይላል። እኔ በበኩሌ እኩል ነው የተሻገሩት ባይ ነበርኩ፤ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ማን ይሰማታል?

ታዲያ ሰው በልጅነቱ የያዘውን ቡድን መልቀቅ እንዴት እንደሚከብደው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ኳስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለመኪናም እንደዚያው ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ በዚህ ነገር የባሱ ናቸው። የፎርድ ቤት፣ የሸቭሮሌ ቤት ተባብለው አባት ለልጁ እንደ ርስት ያወርሰዋል።

ፈረሱና ፈረስ በሊታው

ስለ እነሱ ትንሽ ላጫውታችሁ፤ የእኛን ጉድ ለመረዳት ያግዛል። ፎርድ ሙስታንግ የተባለውን መኪና ለሕዝብ ያሳየው ሚያዝያ 1964 እ.ኤ.አ በኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ሙስታንግ ማለት የዱር ፈረስ ነው። መኪናው ከውጭ ሲያዩት አንበሳ፣ ከውስጥ ግን ፋልከን ከሚባለው ተራ የቤተሰብ መኪና የተሠራ ነበር። ዋጋው ከ2,400 ዶላር በታች ስለሆነ ገና ሥራ የጀመረ ወጣትም ይደፍረው ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ400 ሺህ በላይ ተቸበቸበ! ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሚሊዮን ገባ።

የሸቭሮሌ ሰዎች ተኝተው ነበር ማለት ነው። ሲነቁ፣ መስከረም 1966 እ.ኤ.አ ላይ፣ ካማሮ የሚባለውን አወጡ። ጋዜጠኞች «ካማሮ ምን ማለት ነው?» ብለው ቢጠይቁ «ሙስታንግ የሚበላ ትንሽ ክፉ አውሬ ነው» የሚል መልስ ተሰጣቸው ይባላል። እንዲህ ነው ነገር መፈለግ! ሦስተኛው ዶጅ ቻሌንጀር የደረሰው ለ1970 ሞዴል ነው። ለሠርጉ ዘግይቶ መጥቶ መድረኩን እንደሚቆጣጠር እንግዳ፣ ባለ 7 ሊትር ሞተር፣ 425 የፈረስ ጉልበት ይዞ ከች አለ። የእጮኛዬ ቪትዝ ባለ 1 ሊትር ነች፤ ጉልበቷም 70 ገደማ ነው። እንግዲህ አስሉት፤ ስድስት ቪትዝ በአንድ ኮፈን ሥር!

የዚያን ጊዜ ፉክክር ጥያቄው አንድ ነበር፦ ከዚህ ትራፊክ መብራት እስከሚቀጥለው ማን ይቀድማል? በቃ። ስለ ነዳጅ የሚያስብ የለም፤ ስለ ፍሬን እንኳ የሚያስብ ጥቂት ነው።

ሦስቱን ያስተነፈሳቸው ግን አንዱ ሌላውን ቀድሞት አይደለም። መጀመሪያ የኢንሹራንስ ድርጅቶች መጡ፤ ጉልበተኛ መኪና ለሚነዳ ወጣት ክፍያውን ሰማይ አደረሱት። ቀጥሎ በ1970 እ.ኤ.አ የወጣው የአየር ብክለት ሕግ ሞተሮቹን አፈናቸው። በ1972 ደግሞ የጉልበት አለካኩ ራሱ ተቀየረ። ቀድሞ ሞተሩ ብቻውን፣ ያለ ማርሚታና ያለ ሌላ ሸክም ተለክቶ ነበር የሚጻፈው። አሁን ሁሉን ተሸክሞ እንዲለካ ተባለና በአንድ ሌሊት የወረቀት ጉልበት ወረደ። የቀረውን የጨረሰው በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ የዐረብ አገሮች የጣሉት የነዳጅ ማዕቀብ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ! ያው የነዳጅ ጣጣ ዞሮ እኛም ጋ ደርሷል። የካቲት 1966 ዓ.ም የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የቤንዚን ዋጋ ጨመረብን ብለው ሥራ አቆሙ። መምህራኑም በራሳቸው ጥያቄ አድማ መቱ። መንግሥት ዋጋውን ዝቅ ቢያደርግም ነገሩ አልበረደም፤ ወሩ ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ሌላ ብዙ ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ፤ የታሪክ አስተማሪዬ ይህን ቢያዩ ጆሮዬን ይቆነጥጡኛል። ሆኖም አንድ የነዳጅ ቧንቧ ሲዘጋ እዚያ የጎረምሳ መኪና አስቁሞ እዚህ የታክሲ ሰልፍ ማስነሳቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከማዕቀቡ በኋላ ምን ሆነ? ሙስታንግ ጡንቻውን አውልቆ ሙስታንግ ሁለት የሚባል ሚጢጢ መኪና ሆኖ መጣ። በ1974 ሞዴሉ ውስጥ ስምንት ሲሊንደር ሞተር እንኳ አልነበረውም። አፍቃሪዎቹ ዛሬም ድረስ ሲያነሱት ያፍራሉ። ግን በዚያው ዓመት ከ300 ሺህ በላይ ተሸጧል! እኔ እንደ ሴት ልጅ ሳየው፣ ከሦስቱ ሁሉ ያደነቅሁት ይህንኛውን ነው። ቤት ሲጎድል ኩራቱን ሰቅሎ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ወንድ ይመስለኛል። ቻሌንጀር ግን አልተለማመጠም፤ በ1974 ቆመ። ይባስ ብሎ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስሙን አንስተው በጃፓን ሚትሱቢሺ ላይ ለጠፉት! ለአሜሪካ ጎረምሳ ይህ ከሞት የከፋ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በሰማንያዎቹ ሙስታንግና ካማሮ እንደገና ተያያዙ፤ ካማሮ በ2002 እ.ኤ.አ ተሸንፎ ወጣ። በ2005 ሙስታንግ የድሮ መልኩን ለብሶ ሲመጣ ሕዝቡ አበደ። ይህን ያዩት ቻሌንጀር በ2008፣ ካማሮ በ2009 ከመቃብር ተነሡ። ገዢዎቹ ግን ወጣቶች ብቻ አልነበሩም። በወጣትነታቸው ፎቶውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ገንዘቡን ያገኙት ፀጉራቸው ሲመለጥ የሆነ ጎልማሶችም ነበሩ። ፉክክሩ የፍጥነት መሆኑ ቀርቶ «የቱ ነው ትዝታዬን የሚመልስልኝ?» ሆነ። ዶጅ በ2015 ሞዴሉ 707 የፈረስ ጉልበት ያለው ቻሌንጀር ሲያወጣ፣ ያ ሁሉ ጉልበት ለየትኛው መንገድ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ ካማሮም ቻሌንጀርም በአንድ ወር ውስጥ ማምረት ቆሙ። ሙስታንግ ብቻውን ቀረ። የሚበላው አውሬ የሌለው ፈረስ!

ወደ ላፍቶ እንመለስ

አባዬ ነፍሱን ይማረውና፣ የመኪና ሰው ነበር። እሱ ሲያወራን የእሱ ዘመን ፉክክር በላዳና በቶዮታ መካከል ነው። ላዳ ከሶቪየት ኅብረት ይምጣ እንጂ ሥሩ ጣሊያናዊ ነው፤ ከፊያት 124 የተወለደ ነው። ለዚህ ይሆናል መካኒኮቻችን ቶሎ የለመዱት። (በነገራችን ላይ የጋራዥ ቋንቋችንን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ… ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። የጃፓኑን መኪና በጣሊያንኛ እየፈታን፣ በአማርኛ እየተሳደብን እንገጥመዋለን።) የላዳ ወገኖች «ብረት ነው፣ ቢጋጭም ሌላውን ነው የሚጎዳው» ይላሉ። የቶዮታዎቹ «ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሣል፤ አንተ ላዳህን ስትገፋ እኔ ሥራ ገብቻለሁ» ብለው ይመልሳሉ። ላዳ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ታክሲ ሆነ፤ ቶዮታ የቤት መኪና ሆነ። አባዬ በ1993 ዓ.ም ኮሮላ ዲኤክስ ገዛ። ዲኤክስ የሚሉት ፊደሎች የተወሰዱት «ዴሉክስ» ከሚለው ነው፤ የተንደላቀቀ ለማለት ነው። መስኮቱ በእጅ እየተዞረ የሚወርድ መሆኑን ግን ማን ይነግራቸዋል?

አባዬ በ2009 ዓ.ም ሲያርፍ ወንድሜ ቁልፉን ወሰደ። ከዚያማ መኪናዋ መከራዋን አየች! ሰፊ ቸርኬ ገባላት፣ ዝቅ ተደረገች፣ ማርሚታዋ ተቀይሮ ከጎፋ ስትነሣ ላፍቶ ትሰማ ጀመር። እማዬ መቁጠሪያዋን ይዛ «ይህ ልጅ የአባቱን መኪና ዘፋኝ አደረጋት» ትላለች።

እጮኛዬ ደግሞ በ2011 ዓ.ም ከአጎቱ ተበድሮ ቪትዝ ገዛና በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ውስጥ ገባ። ያን ቀን የሰፈራችን የኳስ ክርክር ሳይቀር ቆመ። «ቪትዝ የሴት መኪና ናት!» «ዲኤክስ የሙዚየም ዕቃ ነው!» እኔ መሐል ገብቼ «መኪና ጾታ አለው እንዴ?» ብል የሚመልስልኝ አጣሁ። እጮኛዬ የሚከራከረው በሊትር ነው። ያንተ በአንድ ሊትር አሥር ኪሎ ሜትር ሳትሄድ የኔ አሥራ አምስት አልፋለች ይላል። ወንድሜ የሚከራከረው በሽቅብ ነው። አራት ሰው ጭነህ ዳገት ውጣና እንያለን ይላል። ልብ ካላችሁ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ምክንያቱም የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ በመኪናው ይበላል፣ ሌላው በመኪናው ይታያል።

ደግሞ የሚያስቀው፣ ሁለቱም መኪና የአንድ እናት ልጆች፣ ቶዮታዎች መሆናቸው ነው። ከዚህ የባሰው የቪትዝና የያሪስ ጦርነት ነው። ጃፓን ውስጥ ቪትዝ ሲባል የኖረው መኪና አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ይባላል። በቃ፣ ይኸው ነው! ከ2020 እ.ኤ.አ ወዲህ ጃፓኖቹም ያሪስ ማለት ጀምረዋል። የእኛ ደላላ ግን «ያሪስ ነው እኮ!» ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዋጋውን ከፍ ሲያደርግ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በ2012 ዓ.ም የሆነው ግን የሚያስቅ አልነበረም። አንድ ማታ ጓደኞቻቸው አፏጨሩአቸውና ከሃይሌ ጋርመንት ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ሊሽቀዳደሙ ወጡ። መንገዱ ጭር ብሏል። ቪትዟ ቀድማ ተነሣች፣ ዲኤክሱ ደረሰባት፣ ሊያልፋት ሲል መሐል መንገድ ላይ አንዲት አህያ ቆማለች። ወንድሜ ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ተንሸራቶ የመንገዱን ጠርዝ መታ። ቸርኬው ተሰበረ፣ ግንባሩ ተፈነከተ። እጮኛዬ ሳይመለከት አልፎ ሄዷል፤ እሱ «አላየሁም» ይላል፣ ወንድሜ «አይቷል» ይላል። አህያዋ ምንም አልሆነችም። ሁለቱ ግን ለአንድ ዓመት ተኩል አልተነጋገሩም።

በዚያ መሐል ነው እንግዲህ ስልኬ ላይ መደወል የጀመረው። «ከወንድምሽ ጋር አስታርቂኝ» ብሎ ነበር የጀመረው። ድርድሩ ረዘመ፣ ረዘመና ወደ ሌላ ጉዳይ ዞረ። ወንድሜ ሲሰማ «ቪትዙ ሳያንስ እህቴንም!» ብሎ ለሳምንት ምሳ አብሮን አልበላም። በመጨረሻ ያስታረቃቸው ሽማግሌ አይደለም፤ እኔም አይደለሁም። ያስታረቃቸው የጋራ ጠላት ነው።

ድምፅ የሌላት ጎረቤት

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶት ነበር። ጥር 2016 ዓ.ም ላይ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር አይገቡም፣ የሚገቡት የኤሌክትሪክ ብቻ ናቸው አለ። ካማሮና ቻሌንጀር ማምረት ካቆሙ ገና አንድ ወር መሆኑ ነው! ያኔ በሰፈራችን የምትኖር የባንክ ሠራተኛ የሆነች እህት፣ አንዲት ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዝታ መጣች። አንድ እሑድ ሁለቱ ወንዶች በየመኪናቸው ትራፊክ መብራት ላይ ቆመው (ያን ጊዜ ገና በኩርፊያ ነበሩ፣ ሰላምታ ብቻ ነበር የጀመሩት) ሴትዮዋ ከጎናቸው ቆመች። አረንጓዴ በራ። አንድም ድምፅ ሳታሰማ ጥላቸው ሄደች። የወንድሜ ማርሚታ ገና ጉሮሮውን እየጠረገ ነበር።

እንዴት ሆነ ብዬ አንድ የጎፋ መካኒክ ጠየቅሁ። የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን የሚያገኘው ሲሽከረከር ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መጮህ፣ ማርሽ መቀየር አለበት። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ያለውን የመጠምዘዝ ኃይል ከቆመበት ጀምሮ ይሰጣል፣ ማርሽ መቀያየር የሚባል ነገርም የለበትም። ጎረቤታችን ልትሽቀዳደም አላሰበችም። ቤተ ክርስቲያን እየሄደች ነበር።

በዚያች ቀን ሁለቱ ባላንጣዎች ከመኪና ወርደው ስለ እሷ ሊያሟት አብረው ቡና ጠጡ። «ድምፅ የሌለው መኪና መኪና ነው እንዴ?» አሉ። ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፎርድ በ2019 እ.ኤ.አ የሙስታንግን ስም ባለ አራት በር የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሲለጥፍ የአሜሪካ አፍቃሪዎች ስማችንን አረከሱት ብለው ጮኸዋል። ዶጅ ደግሞ በ2024 ያወጣው የኤሌክትሪክ ቻርጀር የሞተር ድምፅ የሚያስመስል መሣሪያ ተገጥሞለታል። ይህን ለወንድሜ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ስፒከሩ ስንት ዋት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

(አንድ ነገር ሳልጠቅስ አልለፍ። ከሚገቡት የቻይና መኪኖች አንዱ ስሙ ዶልፊን ነው። እማዬ «የእገሌ ልጅ ዶልፊን ገዛ» ሲሏት «የስንት ሰው? የየት መስመር?» አለች። ለእሷ ዶልፊን ማለት ሚኒባሱ ነው!)

እቁቡ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የመኪና ዋጋ እንዴት እንደሮጠ ታውቃላችሁ። አባዬ የገዛበት ዋጋ ዛሬ ከአሥር እጥፍ በላይ ይጠራበታል። ሌላ አገር መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፤ እኛ ጋ እንደ ወርቅ ይቀመጣል። በ2017 ዓ.ም ደግሞ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር አለፈ። እጮኛዬ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ ቁጭ አለና አሰላ። ቪትዟን ይሸጣል፣ ከባንክ ትንሽ ይበደራል፣ የጎደለውን ደግሞ… የእኔን እቁብ! አራት ዓመት ከዚህም ከዚያም እየጻፍኩ የጣልኩት እቁብ ነው። ለፋሲካ ሰሞን ይደርሰኛል። ሠርጋችን ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው።

ስሌቱ ስሕተት አልነበረበትም። በነዳጅ ሰልፍ ግማሽ ቀን የሚያጣ ሹፌር ወደ ኤሌክትሪክ ቢያይ አይፈረድበትም። ግን እኔም የራሴን ጥያቄ ጠየቅሁት። ተከራይተን ልንገባ ያሰብነው ለቡ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ገመዱ በመስኮት ይወርዳል ወይስ እንዴት ነው? መብራት በሄደ ቀን ሥራ አለ ወይስ የለም? ያገለገለ ከሆነስ ባትሪው ስንት ዓመት ሠርቷል? ሲበላሽ የጎፋው መካኒክ ይፈታዋል ወይስ እጁን ያጣጥፋል? ኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ ይህን ሳትጠይቁ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ለእነዚህ ሁሉ መልስ ነበረው፣ ግማሹ ጥሩ መልስ ነው። ከዚያ አምስተኛውን ጠየቅሁት፦ ሊብሬው በማን ስም ይሆናል?

ፊቱ ተለዋወጠ። «አታምኚኝም ማለት ነው?» አለኝ።

እህቶቼ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንቶቻችሁ ናችሁ የሰማችሁት? ለእኔ በደብዳቤም በአካልም ያጫወታችሁኝ ብዙ ናችሁ። አንዷ ዐረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርታ የላከችው ገንዘብ ሚኒባስ ሆኗል፤ ሚኒባሱ የእሱ ነው፣ እሱ ግን የእሷ አይደለም። ስለዚህ ስሜቴን ዋጥ አድርጌ ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠየቅሁ። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው ማለት ነው፣ ነገሩን እንዲህ ይለየዋል። ከጋብቻ በፊት ያፈራችሁት ንብረት የየግላችሁ ነው። በጋብቻ ውስጥ የተገኘው ግን በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብ እንኳ፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። እንግዲህ እቁቤ ለፋሲካ ደርሶ መኪናው ከሠርጉ በፊት በእሱ ስም ቢገዛ፣ ነገ የእኔ ድርሻ መኖሩን የማስረዳው እኔ ነኝ። በምን? «ስሰጠው ቡና እየጠጣን ነበር» ብዬ?

ይህን ሁሉ እቤት ስናወራ እማዬ ከጓዳ ትሰማ ኖሯል። ወጣችና የሚከተለውን ተናገረች፦ «ዲኤክሱ ሲገዛ የአንገቴ ወርቅ ነው የተሸጠው። ሊብሬው ላይ ስሜ የለም። አባታችሁ ደግ ሰው ስለነበር አላነሣሁትም። ሲሞት ደግሞ ቁልፉን ይሄ ወሰደው፤ ማንም የጠየቀኝ የለም።» ወንድሜ እጁ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ዘጠኝ ዓመት «የአባቴ መኪና» እያለ ሲነዳት፣ በሕጉ ግማሿ የእናቱ መሆኑ አንድ ቀን አልታሰበውም። ከአሜሪካ እስከ ላፍቶ መኪና ከአባት ወደ ልጅ ይወርሳል ሲባል፣ እናትየዋ የት እንደነበረች የሚጽፍ አላጋጠመኝም።

ለእጮኛዬ ያልኩት አጭር ነው። እቁቡን አልከለከልኩህም፤ መኪናው ግን ከሠርጉ በኋላ ይገዛል፣ ምን ያህል እንዳዋጣን ደግሞ በጽሑፍ ይሁን። ሁለት ሳምንት አኮረፈ። አልደወለም። እኔም አልደወልኩም፤ ያ ሁለት ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔና ትራሴ ነን የምናውቀው። የቪትዟን ድምፅ በደጅ ስሰማ ልቤ ዘለለ፣ ሳይ ግን የሌላ ሰው ቪትዝ ነች፤ በዚህ ከተማ ቪትዝ ደግሞ መች ታልቃለች?

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ መጣ። የመጣው ወንድሜ ጠርቶት መሆኑን ቆይቶ ነው የሰማሁት። «አንተ፣ እህቴ የጠየቀችህ እናቴ ያልጠየቀችውን ነው» ብሎት ኖሯል። እማዬን ጎንበስ ብሎ ሳማት፣ እንደምን ሰነበቱ አላት፣ ተቀመጠ። «ከሠርጉ በኋላ ይሁን፣ ወረቀቱንም አንቺ ጻፊው፣ ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። ወንድሜ በበኩሉ የዲኤክሷን ሊብሬ ከነፖስታው አምጥቶ እማዬ ጭን ላይ አስቀመጠ። የስም ዝውውሩና የውርሱ ጉዳይ በሚቀጥለው ሳምንት ይጀመራል፤ ዲኤክሷም በሠርጋችን ቀን አበባ ለብሳ ከፊት ትሄዳለች፣ ማርሚታዋ እስከዚያ ወደ ድሮው ከተመለሰ።

ከዚያ ቡናው ቀረበ። አቦል ሳይወርድ ሁለቱ ጀመሩ! እጮኛዬ ቢዋይዲ ነው የምገዛው ሲል ወንድሜ፣ በሕይወቱ የኤሌክትሪክ መኪና መሪ ነክቶ የማያውቀው ወንድሜ፣ «የቮልስዋገኑ አይዲ ፎር ይበልጣል፣ ጀርመን ነው!» ብሎ ተነሣ። «እዚህ የሚገባው እሱም ቻይና ነው የተሠራው!» «ቢሆንስ፣ ደሙ ጀርመን ነው!» እማዬ ቶናውን እየቀዳች ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸውና «በነዳጅ የማይሄድ ከሆነ ታዲያ፣ ማደያ የሚሠሩት ልጆች ምን ሊበሉ ነው?» አለች። ሁለቱም ዝም አሉ፤ ስኳሩን ተቀባበሉ።